ጭቃ፣ ጽድና ሰንበሌጥ፦ የጎንደር ተራ ቤት

ጎንደርን ሊጎበኝ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያመራው ወደ ፋሲል ግቢ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው በድንጋይና በኖራ ያነጿቸው ግንቦች እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሕዝቡ ግን በግንብ አልኖረም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከተማዋ በሰላም ጊዜ ዐሥር ሺህ ያህል ቤተሰብ እንደነበራት፣ ቤቶቿም በአብዛኛው የጭቃ፣ ጣሪያቸውም ሾጣጣ የሳር ክዳን እንደነበረ ጽፏል። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ያንን ቤት ነው።

ቤቱ የሚሠራው በበጋ፣ መኸር ገብቶ ሰውም ከብቱም ፋታ ሲያገኝ ነው። መሬቱ ይደለደልና መሐል ላይ ካስማ ተተክሎ በገመድ ክብ ይሰመራል። በመስመሩ ላይ ተቆፍሮ የጽድ ወይም የወይራ ቋሚ ተጠጋግቶ ይተከላል፤ ሁለቱም ምስጥ ቶሎ የማይደፍራቸው እንጨቶች ናቸው። ቋሚው በማገር ይታሰራል፤ ማሰሪያው ልጥ ነው። ከመሐል ምሰሶው ይቆማል፤ ወጋግራው ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ምሰሶው ጫፍ ይሰበሰባል። ድንጋይ በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ ግድግዳው ራሱ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ይሆናል። ሰው የሚሰበሰበው በደቦ ነው፤ ባለቤቱ ይደግሳል፣ ጎረቤት ጉልበቱን ያዋጣል።

ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አቅፎ ይይዘዋል። ከውስጥም ከውጭም ከተመረገ በኋላ እበትና አመድ የተቀላቀለበት ስስ ልስን ይከተላል። ይህ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነው፤ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣም የሚያድሱት እነርሱ ናቸው።

የክዳኑ ጉዳይ የባለሙያ ነው። ሰንበሌጥ ወይም ሌላ ረጅም ሳር በነዶ ታስሮ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይከደናል፤ የላይኛው የታችኛውን ማሰሪያ ይሸፍናል። ጣሪያው ቀጥ ያለ ቁልቁለት የሚሰጠው በምክንያት ነው፤ የጎንደር ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ በመሆኑ ውሃው ሳሩ ውስጥ ሳይሰርግ መንሸራተት አለበት። የክዳኑ ጫፍ ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው ደግሞ ጭቃው እንዳይታጠብ ነው። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ በሳሩ መሐል እየሾለከ ወጋግራውን በጥቀርሻ ይለብጠዋል፤ ተባይና ምስጥን ያርቃል። ዐይንንና ሳንባን ግን ይጎዳል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ውስጡ ጠባብ ቢሆንም ሁሉም ነገር ቦታ አለው። መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ነው፤ እህል በጎታ፣ ጠላ በጋን ይቀመጣል፤ ጓዳው የእመቤቲቱ ግዛት ነው። ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጣ ብርዱ ስለሚከፋ ከብቱም ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ሰው ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ሲተኛ የእንስሳቱ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቃል።

የሳር ቤት ጠላቱ እሳት ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1866 በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1888 ደግሞ በሱዳን ድርቡሾች ስትቃጠል ተራው ቤት ቀድሞ ነደደ። አፈሩና እንጨቱ ከአካባቢው ስለሚገኝ ግን ነዋሪው ከተመለሰ መልሶ ይሠራዋል። ታላቁን ለውጥ ያመጣው ሌላ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ከተማዋን ሲይዝ በአርክቴክት ጌራርዶ ቦሲዮ ንድፍ ፒያሳን በሲሚንቶ ሠራ። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ ገጠሩንም አዳረሱት። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ክቡ ጎጆ ለባለ አራት ማዕዘኑ ሰቀላ ቦታውን ለቀቀ። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ በየጊዜው አይከደንም፤ ገበሬው የመረጠው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ቀን ግን ያግላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሲመታው ጨዋታ አያስደምጥም።

ቤቱ ሲቀር ሙያውም አብሮ ይቀራል፤ ጉዳቱም ለድሃው ቤት ብቻ አይደለም። በመላእክት ሥዕሎቿ የታወቀችው የጎንደሯ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያዋ ሳር ነው። ሳር ያረጃል፣ ይታደሳል፤ የሚያድሰውም እጁ በተራው ሰው ጎጆ ላይ የሠለጠነ ከዳኝ ነው። ለግንቦቹ ጥገና የሚመደበው ትኩረት ጥቂቱ እንኳ ለእነዚህ ባለሙያዎች ሊደርስ ይገባል፦ የሚያውቁትን መመዝገብ፣ ወጣት አብሯቸው እንዲሠራ ማድረግ፣ በከተማዋም ቢያንስ አንድ ሙሉ የጭቃ ቤት ለጎብኚ ማቆም። የጎንደርን ታሪክ በነገሥታቱ ቤት ብቻ የሚያሳይ ጉብኝት ግማሹን አስቀርቷል።