ደመወዙ ከሆላንድ፣ ጡረታው ከየት?

ባለፈው ጥር ለታናሽ ወንድሜ ሽማግሌ ተላከ። ጥርባ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሽማግሌ ወዴት እንደሚሄድ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ሰፈሩ ያውቃል። አባታችንና ሁለት ጎረቤቶቻችን ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ሄዱ። እንደ ወጉ መጀመሪያ ቆመው፣ ከብዙ "ኧረ ተቀመጡ" በኋላ ተቀምጠው ጉዳያቸውን አቀረቡ። የልጅቷ አባት ብዙ አላወጣጡም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ "ልጁ የማን ሠራተኛ ነው?"

አባባ ለአፍታ አሰቡና "የራሱ" አሉ።

ውሸት የለበትም። ወንድሜ በኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገ፤ አላገኘም። ከዚያ በኢንተርኔት ሆላንድ ውስጥ ያለ አነስተኛ የሥነ ሕንፃ ቢሮ አገኘ። አራት ዓመት ሆነው። እነርሱ ረቂቁን ይልካሉ፣ እርሱ እናታችን ቤት ጓዳ አጠገብ ባለችው ክፍል ተቀምጦ ንድፉን በኮምፒውተር ያወጣል፣ ወር ሲሞላ ዩሮው ባንክ ይገባል። እኛ ቤት "ደመወዝ" ነው የምንለው። ውሉ ግን እንዲህ አይለውም። ውሉ ወንድሜን "ሠራተኛ" ብሎ አንድም ቦታ አይጠራውም፤ "ገለልተኛ የሥራ ተቋራጭ" ነው የሚለው።

ሽማግሌዎቹ በተመለሱ ማግስት ያንን ውል ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብነው። አራተኛው ገጽ ላይ ግብር፣ ኢንሹራንስና ጡረታ ሙሉ በሙሉ የተቋራጩ ኃላፊነት መሆናቸውን የሚገልጽ አንድ አጭር አንቀጽ አለ። ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ ጉዳዩ አልገረመኝም። ደንበኛ እንዲያነበው የምንፈልገውን ፊት ለፊት በትልቁ እንጽፋለን፤ ሌላው አራተኛው ገጽ ላይ ይገባል።

ጋብቻው ተፈቀደ፤ ችግሩ የመጣው ከወደ ባንክ ነው። ወንድሜ ከአባባ በተሰጠው ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ለመሥራት ብድር ጠየቀ። የአራት ዓመት የሒሳብ መግለጫ ይዞ ነው የሄደው፤ ገንዘቡ በየወሩ መግባቱ በግልጽ ይታያል። የብድር ባለሙያዋ መግለጫውን በጥንቃቄ አየችና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጠየቀችው። የለውም። እሺ፣ ንግድ ፈቃድ? የለውም። የግብር ክሊራንስ? እርሱም የለም። "ገንዘቡን አይቼዋለሁ፤ ሰውየውን ግን ላገኘው አልቻልኩም" አለችው። ወንድሜ ተናዶ መጣ። እኔ ግን እውነቷን ነው አልኩ፤ በወረቀት ላይ ወንድሜ የለም።

አባባና ካልኩሌተሩ

አባታችን 34 ዓመት አስተምረው በጡረታ የተገለሉ መምህር ናቸው። ያን ዕለት ማታ እማዬ ቡና እያፈላች፣ አባባ የወንድሜን ነገር በጡረታ ቋንቋ አስረዱን። ለመጀመሪያዎቹ አሥር የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። ለርሳቸው ከአሥሩ በላይ 24 ዓመት ስላላቸው 30 በመቶ ይጨመራል፤ በድምሩ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዛቸው 60 በመቶ። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ሳሰላ እርሳቸው በቃላቸው ጨርሰውታል።

"ያንተስ አራት ዓመት ስንት ሆነ?" አሉት።

ዜሮ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ በ2003 ከወጣ ወዲህ (አሁን የሚሠራበት የ2014ቱ ነው) የግል መሥሪያ ቤት ሠራተኛም እንደ መንግሥት ሠራተኛው ይጠበቃል። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ገለልተኛ ተቋራጭ ግን አሠሪ የለውም፤ 11 በመቶውን የሚጨምርለትም የለም።

ነገሩን በብር እንየው። በወር 30,000 ብር ደመወዝ ያላት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንውሰድ። በሐምሌ 2017 በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ እየጀመረ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ግብሯ 8,450 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮዋ 2,100 ነው። እጇ የሚገባው 19,450 ብር። አሠሪዋ ደግሞ ለጡረታዋ 3,300 ብር ከራሱ ይከፍላል፤ ስለዚህ እርስዋን ለማሠራት በወር 33,300 ብር ያወጣል። ወንድሜ 30,000 ብር ሲገባለት ጎረቤቱ ሁሉ ከእርስዋ 10,000 ብር የሚበልጥ ደመወዝ እንዳለው ይቆጥራል። እርሱ ራሱም እንደዚያ ነበር የሚቆጥረው። በዚያ ላይ የዓመት ፈቃድ የለውም፣ የሕመም ፈቃድ የለውም፣ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ የሚያሠራው ከኪሱ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከእርስዋ ባነሰ ዋጋ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ ዩሮው ያው ሆኖ ብሩ በጥቂት ሳምንታት ተመነደገ። ወንድሜ ሞተር ሳይክል ገዛ። ግብር የሚሰላው በብር መሆኑን፣ ምንዛሬው ሲጨምር የሚታሰብበት ግብርም አብሮ እንደሚጨምር ያን ጊዜ የነገረው አልነበረም። እኔም እኅቱ፣ የቢዝነስ ምሩቋ፣ ሞተር ሳይክሉ ላይ ተቀምጬ ፎቶ ከመነሣት በቀር ያደረግሁት ነገር የለም።

"ያንተ ኤ-ዋን የት አለ?"

ሮተርዳም የሚኖር የአጎታችን ልጅ አለ፤ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ የሚሠራውም ለራሱ ነው። አንዳንድ ሳምንት ድንበሩን ተሻግሮ ቤልጂየም ይሠራል። በቪዲዮ ደውለን ነገሩን ስንነግረው ከመኪናው ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥቶ አሳየን። ኤ-ዋን ይባላል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ ሰው በሁለትና በሦስት አገር ቢሠራም የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ የሚከፍለው በአንድ አገር ብቻ ነው። ለጊዜው ወደ ሌላ አባል አገር የተሻገረ ሰው እስከ 24 ወር ድረስ በአገሩ ሥርዓት ሊቆይ ይችላል፤ ያንን የሚያረጋግጠው ይህ ወረቀት ነው። አንትወርፕ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ያሳያል፤ ከሌለው ግን ጣጣ ነው።

"ያንተ ኤ-ዋን የት አለ?" አለው ወንድሜን እየሳቀ።

ወንድሜ መልስ አልነበረውም። ወረቀቱ ለርሱ የሚሆን አይደለም። የማኅበራዊ ዋስትና መነሻ ሥራው በአካል የሚሠራበት ቦታ ነው፤ ሥራው ደግሞ ጥርባ ነው የሚሠራው። የሆላንዱ ቢሮ ለርሱ እዚያ መዋጮ አይከፍልም። የአጎታችን ልጅ የሆላንድ ነዋሪ በመሆኑ ብቻ የመንግሥቱን የእርጅና ጡረታ በየዓመቱ ሁለት ሁለት በመቶ እያጠራቀመ ነው፤ 50 ዓመት የኖረ ሙሉውን ያገኛል። ሆኖም እርሱም ሙሉ በሙሉ የተመቸው አይደለም፤ ለራሱ ስለሚሠራ አሠሪ የሚጨምርለት የሙያ ጡረታ የለውም። በዚያ ላይ እዚያም "ለራሱ የሚሠራ" ተብሎ በተግባር ግን ተቀጣሪ የሆነ ሰው ብዙ ነው፤ የሆላንድ ግብር መሥሪያ ቤት ከጥር 2025 ጀምሮ በዚህ ላይ ቁጥጥሩን አጥብቋል። የነርሱ 2025 ነው እንግዲህ፣ የኛ አይደለም።

ግብሩስ? ወንድሜ "እዚያ ይቆርጡት ይሆናል" እያለ ራሱን ሲያጽናና ኖሯል። ብዙ ልጆች የሚሉት ይህንኑ ነው። በ2008ቱ የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 979፣ የኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ገቢው ከየትም ዓለም ይምጣ ግብር ይከፈልበታል። ነዋሪ የሚባለው መኖሪያው እዚህ የሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየ ነው። ወንድሜ በሁለቱም ነዋሪ ነው። ኢትዮጵያና ኔዘርላንድ ተደራራቢ ግብርን ለማስቀረት ስምምነት አላቸው፤ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያንም እንደዚሁ። ስምምነቱ አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ እንዳይቀረጥ ይጠብቃል። እዚያ ቋሚ የሥራ ቦታ የሌለው፣ እዚህ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ግብሩ የዚህ አገር ነው። ያው አዋጅ ገለልተኛ ተቋራጭን ከተቀጣሪ ትርጉም አውጥቶታል። ስለዚህ የወንድሜ ገቢ የንግድ ሥራ ገቢ እንጂ የደመወዝ ገቢ አይደለም።

ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የንግድ ሥራ ገቢ ከሆነ ወጪ ይቀነሳል፤ የኢንተርኔቱ፣ የመብራቱ፣ የኮምፒውተሩ የእርጅና ተቀናሽ። ደረሰኝ ካለ። ወንድሜ የአራት ዓመት ደረሰኝ ሲፈልግ ያገኘው የሞተር ሳይክሉን ብቻ ነው።

የነሐሴው ወር

ነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወንድሜ ሦስት ሳምንት እቤት ተቀመጠ። አራተኛው ሳምንት ላይ ኮምፒውተሩን በሻንጣ ይዞ አዲስ አበባ እኔ ጋ መጣና ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኛ ወራት ሠራ። የዚያ ወር ክፍያ ግን የለም። ቢሮው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ላልተሠራ ንድፍ አይከፈልም፣ ውሉም ይኸው ነው። ያን ጊዜ ያዳነው እማዬ ዕቁቧን ቀድማ ወስዳ የሰጠችው ብር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ ለብቻው ማስቀመጥ አለበት የምለው ከዚያ ወር ተነሥቼ ነው።

ለሕክምና ግን አንድ መንገድ ነበረ፤ ከደጃችን ሆኖ ሳናየው ቀረን። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 በሙከራ ሲጀመር በክልላችን ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ከዳንግላ ብዙም የማትርቀው ደቡብ አቸፈር ነበረች። የታሰበው ደመወዝተኛ ላልሆነው ሰው፣ ለገበሬውና በግሉ ለሚሠራው ነው። አባወራ በዓመት አንድ ጊዜ ከፍሎ ቤተሰቡን ያሳክማል። ወንድሜ "የገበሬ ነው" ብሎ ንቆት ኖሯል። ዩሮ የሚከፈለው ሰው ከገበሬው ያነሰ ዋስትና ይዞ!

አሁን ወደ ሠራነው ልምጣ። የግለሰብ ነጋዴ ግብር በሕገ መንግሥቱ የክልል ገቢ ስለሆነ የሚሄደው ወደ ወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። መለያ ቁጥር አወጣ። በማሻሻያው የግብር ከፋይ ደረጃ ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ ስላለ መጀመሪያ የጠየቀው "የእኔ ሥራ በየትኛው ይመደባል?" ብሎ ነው። ይህን ሳይጠይቁ በጎረቤት ግምት መሄድ ብዙ ብር ያሳጣል። ያለፉት ዓመታት ዕዳ አልቀረለትም። ግብር ሳያሳውቅ የቆየ ሰው ካልተከፈለው ግብር እስከ 25 በመቶ ድረስ ይቀጣል፤ ዘግይቶ ለመክፈሉ ደግሞ ሌላ ቅጣት አለ። ሞተር ሳይክሉ ተሸጠ። እጮኛው አላዘነችም፤ መጀመሪያም አትወደውም ነበር።

እኔ ያገዝኩት በአንድ ነገር ነው። ውሉ ሲታደስ ለሆላንዱ ቢሮ የሚላከውን ደብዳቤ አብረን ጻፍን። ልመና አይደለም። አሠሪ ለተቀጣሪው የሚከፍለውን ጡረታ፣ ፈቃዱንና ዕቃውን እነርሱ እንደማይከፍሉለት፣ ዋጋው ይህንን እንደሚጨምር በቁጥር አሳየን። ከጠየቅነው ግማሽ ያህሉን ጨመሩ። ሲጀመር ቢጠየቁ ሊጨምሩ ይችሉ እንደነበር ሳስብ አሁንም ያናድደኛል።

ለጡረታው ወንድሜ ራሱን ሁለት ሰው አድርጎታል። እንደ ሠራተኛ 7፣ እንደ አሠሪ 11፣ በድምሩ ከገቢው 18 በመቶ ለብቻው ወደ ተከፈተ ሒሳብ ይገባል። እንደ አባባ ጡረታ ዕድሜ ልክ የሚከፈል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ቀኑን የመረጡት አባባ ናቸው፤ የርሳቸው ጡረታ የሚገባበት ቀን ነው። ወር በመጣ ቁጥር አብረው ሄደው አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፤ እርሳቸው ሊያወጡ፣ እርሱ ሊያስገባ። ባለፈው ወር አብሬያቸው ነበርኩ። ገንዘብ ከፋይዋ ሁለቱን አይታ "ሁለታችሁም ለጡረታ ነው?" ብላ ጠየቀች።

አባባ ወደ ወንድሜ ዞር አሉና "እርሱ ገና 31 ዓመት ይቀረዋል" አሏት።