ከጣርማ በር በታች ያለው አፈር

የጣርማ በርን ብርድ ቀምሶ፣ በጣሊያን ዘመን የተቆፈረውን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ መንገደኛ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ሸዋ ሮቢት ላይ ካፖርቱን ያወልቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷልና። የገብሱ ደጋ፣ የገደሉ ጫካ፣ ማሽላና ማሾ የሚዘራበት የይፋት ቆላ ሁሉም በአንድ መንገድ ዳር ናቸው። አዲስ አንቲባዮቲክ ለሚፈልግ ተመራማሪ እንዲህ ያለ ቦታ ሀብት ነው፤ አፈሩና አየሩ ሲለወጥ በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ይለወጣሉ።

ጤና ጣቢያዎቻችን የሚሰጧቸው አንቲባዮቲኮች ብዙዎቹ መነሻቸው አፈር ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ሲወጋ የኖረው ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ በሴልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ፣ በተማሪው በአልበርት ሻትዝ እጅ ተገኘ። ዛሬም ታማሚው በየቀኑ የሚውጠው ሪፋምፒሲን ከደቡብ ፈረንሳይ የጥድ ጫካ አፈር የተገኘ ባክቴሪያ ውጤት ነው። አብዛኞቹን የሰጡን አክቲኖማይሴትስ የሚባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚነሣውን ሽታ የሚፈጥሩትም እነሱ ናቸው።

ፍለጋው ዛሬ የሚያስጨንቀው ጀርሞቹ መድኃኒቱን ስለተላመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። እኛም ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዝተን፣ ሲሻለን አቋርጠን፣ የተረፈውን ለጎረቤት እየሰጠን ችግሩን እናባብሳለን።

በአገራችን ፍለጋው ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከጎንደር ከተማ አፈር አንቲባዮቲክ የሚያመነጩ አክቲኖማይሴትስን ለይቷል። ነገር ግን ባክቴሪያው በሳህን ላይ ሌላውን ጀርም ሲገድል ማየት የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። ንጥረ ነገሩ ምንድን ነው? ከዚህ በፊት የታወቀ ነው ወይስ አዲስ? የሰውን ሕዋስ ይጎዳል? ገንዘብና ዓመታት የሚበላው ይህ ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው የአፈር ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ አይበቅልም። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ቴይክሶባክቲን የተገኘው ተመራማሪዎች ባክቴሪያውን በጥቃቅን ክፍሎች ለይተው እዚያው በለመደው አፈር ውስጥ ስላሳደጉት ነው።

የባለቤትነቱም ጉዳይ አለ። ኤሪትሮማይሲን የተገኘው ፊሊፒናዊው ሐኪም አቤላርዶ አጊላር እ.ኤ.አ. በ1949 ከኢሎይሎ ለኤሊ ሊሊ ኩባንያ ከላከው አፈር ነው፤ እሱ ግን ከሽያጩ ድርሻ አላገኘም። እኛም በጤፍ ተምረናል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያወጣው ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዛሬ የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ረቂቅ ተዋሕስያንንም ይሸፍናል፤ ፈቃድ ሰጪው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

ሕግ ካለን የጎደለው ተከታታይ ሥራ ነው። ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ የለያቸው ባክቴሪያዎች አብረው መጥፋት የለባቸውም፤ ከየት ቦታና ከየትኛው ከፍታ እንደተወሰዱ ተመዝግቦ በኢንስቲትዩቱ ይቀመጡ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለዚህ መንገድ ቅርብ ነው። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን አፈር በየከፍታው መሰብሰቡን እሱ ይጀምረው፤ የጤና ሚኒስቴርም በጀቱን ይደግፍ።