የአክሲዮን ዋጋ ሲንር፦ ውድ የሚባለው መቼ ነው?

ወደ ሰሜን ተራሮች የሚዘልቁ ጎብኚዎች ጓዛቸውን የሚያስጭኑት በደባርቅ በቅሎዎች ነው። በቅሎ ሊገዛ የተነሣ ሰው «ዋጋዋ ካምናው በእጥፍ ጨምሯል» የሚለውን ወሬ ሰምቶ ብቻ ገንዘቡን አያወጣም። በዓመት ስንት ቀን ትከራያለች? ከገብስና ከድርቆሽ ወጪ በኋላ ምን ይተርፋል? ስንት ዓመትስ ታገለግላለች? ብሎ ያሰላል። ዋጋዋ 60 ሺህ፣ ዓመታዊ ትርፏ 12 ሺህ ብር ነው እንበል። ገዢው የ5 ዓመት ትርፍ አስቀድሞ ከፈለ ማለት ነው። በአክሲዮን ገበያም ይኸው ቁጥር የዋጋና የትርፍ ምጥጥን ይባላል።

የፊዚክስ መምህርን ገበያ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጉዳዩ ግን የመለኪያና የለውጥ ፍጥነት ጉዳይ ነው፤ ከደጃችንም ደርሷል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር በቴሌብር ለሽያጭ አቀረበ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ያጠራቀመ የዳባት መምህር ከመቀመጫው ሳይነሣ ባለድርሻ መሆን ይችል ነበር፤ ለብዙ ቤተሰብ ግን ገንዘቡ የልጅ ማስተማሪያ ነውና ስሌቱ እንደ ዋዛ አይታይም።

በ300 ብር ሂሳብ የኩባንያው ጠቅላላ ዋጋ 300 ቢሊዮን ብር ይሆናል። በ2016 በጀት ዓመት ያስታወቀው የተጣራ ትርፍ ወደ 21.8 ቢሊዮን ብር ስለ ነበር ምጥጥኑ 14 ገደማ ነው። በ7 በመቶ ወለድ ባንክ የተቀመጠ ገንዘብም 100 ለ7 ሲካፈል 14 ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ዋጋው በዚህ መለኪያ የተጋነነ አልነበረም።

አሁን ተቃራኒውን እንመልከት። የአሜሪካው የኔትወርክ መሣሪያ አምራች ሲስኮ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 አክሲዮኑ 80 ዶላር ገደማ ሲደርስ ምጥጥኑ ከ100 በላይ ነበር። አንድን አክሲዮን በ140 ምጥጥን የገዛ ሰው፣ ዋጋው ባለበት ቆሞ ምጥጥኑ ወደ 14 እንዲወርድ ትርፉ 10 እጥፍ ማደግ አለበት፤ ይህም ለ10 ዓመታት ሳይቋረጥ በየዓመቱ 26 በመቶ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ተሳክቶ እንኳ ገዢው ከዋጋው ጭማሪ ያተረፈው ነገር የለም! የሲስኮ አክሲዮን እ.ኤ.አ. በ2002 ከ10 ዶላር በታች ወረደ። ኩባንያው ግን አልፈረሰም፤ ገቢውም ከጊዜ በኋላ ከእጥፍ በላይ አደገ። አክሲዮኑ ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው ግን በታኅሣሥ 2025 ነው። መልካም ኩባንያና መልካም ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የኤንቪዲያ ሁኔታ ከዚህ ይለያል፤ ዋጋው ሲንር ትርፉም አብሮ ንሯል። ገቢው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በተዘጋው የሂሳብ ዓመት 27 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በጥር 2025 በተዘጋው 130 ቢሊዮን ደረሰ፤ በሁለት ዓመት ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። ሆኖም ይህ ፍጥነት ለ10 ዓመት ቢቀጥል የአንድ ኩባንያ ገቢ ከመላው ዓለም ዓመታዊ ምርት ይበልጣል። ሊሆን አይችልም፤ ኩርባው የሆነ ቦታ መጉበጥ አለበት። የሊማሊሞ ዳገት መቆም የራስ ደጀንን ከፍታ አይነግረንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመናል፤ ማስመሪያው ራሱ ይለጠጣል። የኢትዮ ቴሌኮም ገቢ በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን፣ በ2017 ደግሞ 162 ቢሊዮን ብር ነበር፤ 73 በመቶ ዕድገት። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አለፈ። ሁለቱንም ዓመታት በየጊዜያቸው ምንዛሪ ወደ ዶላር የለወጠ አንባቢ የሚያገኘው ዕድገት ሳይሆን ቅናሽ ነው። ባለአክሲዮኑ ጤፍ የሚገዛው በብር ስለ ሆነ ዶላርም ፍጹም ማስመሪያ አይደለም። የዳባቱ መምህር ትርፉን ከገብስ ዋጋ ጋር ቢያነጻጽረው ይሻለዋል።