ፊት ላይ የሚለቀለቀው አፈር ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

ቲክቶክ ከፍታችሁ ጣታችሁን ሁለት ሦስቴ ካንሸራተታችሁ፣ አንዷ ፊቷን በግራጫ ጭቃ ለቅልቃ ዓይኗና ከንፈሯ ብቻ ቀርቶ ታገኟታላችሁ። ጭቃው ደርቆ ሲሰነጣጠቅ "አያችሁ? መርዙን እየሳበው ነው!" ትላለች። ከሥር "የት ይገኛል?"፣ "ዋጋው ስንት ነው?" የሚል አስተያየት ይጎርፋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የቴሌግራም ሱቆች ስምም አድራሻም የሌለው በላስቲክ የታሰረ ዱቄት ይዘው ብቅ ይላሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሞሮኮዎች ከአትላስ ተራሮች አካባቢ የሚወጣውን "ራሱል" የሚባል የሸክላ አፈር ለገላም ለፀጉርም ሲታጠቡበት ኖረዋል። እኛም አገር የሐመር ሴቶች ቀይ አፈር በቅቤ ለውሰው ፀጉራቸውን ያስውቡበታል፤ ካሮዎች ደግሞ በነጭ አፈር ሰውነታቸውን ያሸበርቃሉ። ስለዚህ "አፈር ፊት ላይ?" ብሎ መሳቅ አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት የትኛው አፈር፣ ለየትኛው ቆዳ፣ ለስንት ደቂቃ የሚለው ነው።

ካኦሊን እና ቤንቶናይት

ገበያ ላይ በብዛት የምትሰሙት እነዚህን ሁለት ስሞች ነው። ካኦሊን ነጭና ለስላሳ ነው። ስሙን ያገኘው ቻይና ውስጥ ካለ መንደር ሲሆን የሸክላ ዕቃና የሴራሚክ ሥራ ዋና ግብዓት ነው። በአገራችንም በደቡቡ ክፍል ቦምቦሃ በሚባለው ስፍራ ክምችቱ አለ። ወዝን በመጠኑ ስለሚመጥ ለደረቅና በቀላሉ ለሚቆጣ ቆዳ የተሻለው እሱ ነው።

ቤንቶናይት ከእሳተ ገሞራ አመድ የሚፈጠር፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ግራጫ ወይም ቢጫማ አፈር ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ግድግዳው እንዳይናድ የሚጠቀሙበት፣ የድመት መጸዳጃ ውስጥም የሚጨመረው ይኸው ነው። የመምጠጥ ኃይሉ ብርቱ ነው። ለወዛም ቆዳ ሊስማማ ይችላል፤ ደረቅ ቆዳን ግን ያቃጥላል፣ ያሳክካል።

በእርግጥ የሚሠራው

የሸክላ አፈር ብናኝ በጣም ደቃቅና ጠፍጣፋ ስለሆነ ብዙ ወዝ የሚይዝበት ገጽ አለው። ፊት ላይ ሲቀባ ወዙን ይመጣል፣ ቆዳው ለተወሰኑ ሰዓታት ከማብረቅረቅ ይገላገላል፣ ቀዳዳዎቹም ያነሱ ይመስላሉ። ማስኩ ላይ ብቅ የሚሉት ጥቁር ነጥቦችም "መርዝ" አይደሉም፤ ከቀዳዳ የወጣ ወዝ ጭቃውን ያረጠበባቸው ቦታዎች ናቸው። የመሳብ ስሜቱም ጭቃው ሲደርቅ ስለሚሸማቀቅ የሚመጣ ነው። ከሰውነታችን መርዝ የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ በጉንጭ በኩል የሚወጣ ዲቶክስ የለም።

ማድያት፣ የብጉር ጠባሳ እና ከቆዳ ሥር የሚያብጥ የሚያም ብጉርም በጭቃ አይድኑም።

እስኪሰነጣጠቅ አትጠብቁ

ቪዲዮ ላይ የሚያምረው ስንጥቅ ለቆዳ ክፉ ነው። ጭቃው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ የቆዳን እርጥበት አብሮ ይወስዳል። ጤናማ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ቤንቶናይት ደግሞ ወደ አልካሊ ያደላል። እንግዲህ ረጅም ሰዓት ማቆየት ሁለት ጊዜ መጉዳት ነው። መሞከር የምትፈልጉ እንዲህ አድርጉ፦

- መጀመሪያ ትንሽ በጥብጣችሁ ክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ።
- በንጹሕ ውሃ ብቻ በጥብጡ። ሎሚ አትጨምሩ፤ ቆዳ ያስቆጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ሊያቃጥል ይችላል።
- ስትበጠብጡ ዱቄቱ አይቡነን። ብናኙን መተንፈስ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።
- ዓይንና ከንፈር አካባቢ አትቀቡ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ገና እርጥብ እያለ፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። በጥፍር አትፋቁ።
- ወዲያው ሽታ የሌለው ቅባት ተቀቡ። በሳምንት አንዴ ለብዙዎች ይበቃል።

አፈር አይጠጣም

አሳሳቢው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶች ቤንቶናይትን በውሃ በጥብጠው "ሆድ ያጸዳል፣ ያከሳል" እያሉ ይጠጣሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 እ.ኤ.አ. ሁለት የቤንቶናይት ምርቶች ከፍተኛ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል ብሎ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ፣ ለነፍሰ ጡርና ለጽንስ አደገኛ የሆነ ብረት ነው። ሌላም ጣጣ አለ፦ ሆድ ውስጥ የገባ የሸክላ አፈር የምትወስዱትን መድኃኒት አጣብቆ ይዞ ሥራ ሊያስፈታው ይችላል፣ ሆድም ያደርቃል።

አፈር አፈር የሚላት ነፍሰ ጡር ቤታችሁ ካለች አትሳቁባት። አምሮቱ ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር አብሮ ይታያል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ለሐኪም ትንገር፤ ደሟ ይታይላታል፣ የሚያስፈልጋት ከሆነ የአይረን እንክብል ይሰጣታል።

ቁስል ላይም አፈር አታድርጉ። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ አምጪ ተህዋሲያን መኖሪያቸው አፈር ነው። የሕፃን እትብት ላይማ ጭራሽ አይታሰብም።

"ተፈጥሯዊ ነው" ማለት ምን ማለት ነው?

"ኬሚካል የለውም፣ የተፈጥሮ ነው" የሚለው የሻጮች ዋና መፈክር ነው። ግን እርሳስም የተፈጥሮ ነው። ከዚህ ሁሉ የቀረበ ማስረጃም አገራችን ውስጥ አለ፦ በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ገበሬዎች ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር እብጠት ይይዛቸዋል። ከ1 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን በዚህ በሽታ እንደሚሰቃዩ ይገመታል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። የ10 ደቂቃ ማስክ ይህን በሽታ ያመጣል ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ አፈር ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከግቢ ወይም ከመንገድ ዳር ቆፍሮ ፊት ላይ መለቅለቅ ቁማር ነው።

ስለዚህ ስትገዙ ለመዋቢያ ተብሎ የተዘጋጀ፣ አምራቹ፣ የተመረተበት ቀንና ይዘቱ የተጻፈበትን ምረጡ። ሻጩ "ምን ዓይነት ክሌይ ነው? ከየት የመጣ ነው?" ስትሉት "ኦሪጅናል ነው" ብቻ ብሎ ካለፈ እናንተም እለፉት። በሳምንት ውስጥ የሚያነጣ "ክሌይ" ከሆነማ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት እንዳይሆን ጠርጥሩ፤ ጭቃ ቆዳ አያነጣም።

ብጉሩ የሚያም፣ ጠባሳ የሚተው ወይም ከወር በላይ አልለቅ ያለ ከሆነ ለዱቄት የምታወጡትን ብር ለምርመራ አውሉት። እንደ አለርት ያሉ የቆዳ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ። ስትሄዱ እስካሁን የተቀባችሁትን ሁሉ፣ ዕቃውን ጭምር፣ ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።