በቤት ካለ ጨርቅ ባለማንገቻ ቀሚስ ስለ መስፋት

«ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት የተነገረው አንደበትን ስለ መጠበቅ ቢሆንም፥ ስለ ልብስ የሚናገረው ግማሹም እውነት ነው። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ አጥሯል፥ ጠቧል፥ ጉልበቱ ሳስቷል ተብሎ የተቀመጠ ልብስ አይጠፋም። አያያዙን ያወቀ ሰው ከዚህ ውስጥ ሌላ ልብስ ያወጣል፤ ያላወቀ ግን ለብልና ለአይጥ ያቆየዋል። ስለዚህ ከአሮጌ ሱሪና ከቁራጭ ጨርቅ ለሴት ልጅ የሚሆን ባለማንገቻ ቀሚስ እንዴት እንደሚሰፋ የተማርሁትን ለአንባብያን ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ባለማንገቻ ቀሚስ ማለት ከወገብ በታች ጉርድ፥ ከወገብ በላይ ደረትን ብቻ የሚሸፍን ጨርቅ ኖሮት በሁለት ማንገቻ ከትከሻ ላይ የሚያዝ ልብስ ነው። አንዳንዶች ሳሎፔት ይሉታል። መካኒኮች ከሚለብሱት ቱታ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። እንግሊዞች ይህን ዓይነቱን ልብስ «ዳንገሪ» ይሉታል፤ ስሙም የመጣው ዛሬ ሙምባይ በምትባለው የህንድ ከተማ ከሚገኘው ከዶንግሪ ሰፈር ነው። በዚያ ይሸጥ የነበረ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በሰፈሩ ስም ይጠራ ነበርና። እንግዲህ ልብሱ ከጥንቱም የሠራተኛ ልብስ እንጂ የጌጥ ልብስ አልነበረም።

ለእኛ አገር የሚስማማበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለሆነች ልጅ ያለ ሹራብ አይወጣም፤ ይህ ቀሚስ ደግሞ ከሹራብ በላይ ይለበሳል። ሁለተኛ፥ እጅጌና ኮሌታ ስለሌለው ለጀማሪ አያስቸግርም። ሦስተኛ፥ ልጅቱ ስታድግ አብሮ ሊረዝም ይችላል።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርሁት በችግር ነው። ታናሽ እኅቴ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ቀሚሷ አጥሮ ከጉልበቷ በላይ ወጣ። ጓደኞቿ ስለ ሳቁባት ሁለት ቀን ራሴን አመመኝ ብላ ከትምህርት ቤት ቀረች። አዲስ ለመግዛት ገንዘብ አልነበረንም። በሦስተኛው ቀን እናታችን ሣጥኑን ከፍታ አባታችን ካረፈ ወዲህ ታጥፎ የተቀመጠውን የካኪ ሱሪ አወጣች። ጥቂት ጊዜ በእጇ ይዛው ከቆየች በኋላ፥ «ሰው ካልለበሰው ብል ይለብሰዋል» አለችና ሰጠችኝ። እኔም መቀሱን ይዤ ፈራሁ፤ ያ ሱሪ ከተበላሸ ሌላ የለምና። «አሥር ጊዜ ለካ፥ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚባለው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጨርቁን ሁሉ፥ አሮጌውንም አዲሱንም፥ አጥቦ ማድረቅ ይገባል። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፈው የሳሳ ቦታ ለቀሚስ አይሆንም። የሱሪ መቀመጫና ጉልበት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ቀጥሎ መለካት ነው። ልኩ የሚወሰደው ልጅቱ ሹራብ ለብሳ ሳለ ነው። የወገብ ዙሪያ፥ ከወገብ እስከ ጉልበት በታች፥ ከወገብ እስከ ደረት፥ እንዲሁም ከደረት ተነሥቶ በትከሻ አልፎ እስከ ኋላ ወገብ ያለው ይለካል። ሜትር ከሌለ ሲባጎ ላይ ቋጠሮ እየቋጠሩ መለካት ይቻላል። ለእኅቴ የወገቡ ዙሪያ 62፥ የጉርዱ ቁመት 45 ሳንቲ ሜትር ሆነ።

ከዚያም የሱሪው ሁለት እግሮች በውስጥ በኩል ባለው ስፌት ይፈታሉ። እያንዳንዱ ሲዘረጋ ከላይ ሰፊ፥ ከታች ጠባብ ጨርቅ ይሆናል። ይህን ገልብጦ ጠባቡን ለወገብ፥ ሰፊውን ለታች ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ጉርዱ በራሱ ዘርፈፍ ይላል። የሳሳ ጉልበት ካለ የደረት ኪስ ይሆን ከነበረው ቁራጭ ተከፍሎ ከላዩ ኪስ ይሰፋበታል። የጉርዱ ቁመት 45 ቢሆንም 10 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ ይቆረጣል፤ ትርፉ ከታች ወደ ውስጥ ይታጠፋል።

ማንገቻው የሚቆረጠው ግን በድሩ አቅጣጫ ነው። ሸማኔ ሲሠራ ያየ እንደሚያውቀው ድሩ ተወጥሮ የቆየ ክር ስለሆነ ከማጉ ይልቅ መለጠጥ አይወድም። በሰያፍ የተቆረጠ ማንገቻ ግን ውሎ ሲያድር ይረዝማል፤ ደረቱም ወደ ታች ይወርዳል።

ምልክቱ በሳሙና ቅሪት ይደረጋል። ከተቆረጠ በኋላ በረጃጅም ስፌት አያይዞ ልጅቱን ማስለካት፥ ከዚያም በእያንዳንዱ እርምጃ መርፌውን ወደ ኋላ እየመለሱ አጥብቆ መስፋት ነው። የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር ይዘመዘማል። ቀሚሱ እንዲጠልቅ በግራ ጎን 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይሰፋ ይቀርና ቁልፍ ይደረግለታል። የማንገቻው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ተርፎ ከደረቱ ጀርባ ይቀመጣል፤ ልጅቱ ስታድግ ቁልፉን ወደ ጫፉ ማውረድ ብቻ ይበቃል።

እኔ ራሴ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። ለደረቱ ገበር ያደረግሁት አዲስ አቡጀዲ ነበር፤ ቸኩዬም ሳላጥበው ሰፋሁት። ቀሚሱ በመጀመሪያ ሲታጠብ አቡጀዲው ተኰማተረ፤ ብዙ ዘመን የታጠበው ካኪ ግን እንደ ነበረ ቀረ። በዚህ ምክንያት ደረቱ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቀለለ። ደግነቱ ስፌት ይፈታል። ገበሩን ፈትቼ፥ አጥቤ፥ በካውያ ተኵሼ ዳግመኛ ሰፋሁት። ካኪው ምንም አልሆነም።

ሥራው በእጅ አራት ማታ ፈጀብኝ። ለክር፥ ለመርፌና ለቁልፍ ካልሆነ በቀር ገንዘብ አላወጣንም። እኅቴ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ከዚያም ወዲህ ስለ ልብስ ብላ አልቀረችም። አሁን አራተኛ ክፍል ናት፤ ቁልፉ አንድ ጊዜ ወርዷል፥ የታችኛው እጥፋትም 4 ሳንቲ ሜትር ተለቋል። ገና 6 ይቀራል።

በአገራችን ሸማኔውና ቀጥቃጩ ሲናቁ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ይህ ልማድ ግን ከተማረ ሰው አይጠበቅም። ስለዚህ እናንት የደባርቅና የዳባት ተማሪዎች ሆይ፥ ወንድም ሆናችሁ ሴት፥ መርፌ መያዝን አትናቁ። በመጪው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከእናቶቻችሁ ጋር ሣጥኑን ክፈቱና ተመልከቱ። ግን አደራ፥ ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡ።