መንገዱ ሲዘጋ፦ ለ«ሲቲስ ስካይላይንስ» የመጀመሪያው ማስፋፊያ የቱ ይሁን?

«ሲቲስ ስካይላይንስ» ባዶ መሬት፣ መጠነኛ ገንዘብና ከአንድ ፈጣን መንገድ ጋር የሚያገናኝ መውጫ ሰጥቶ «በል እንግዲህ ከተማ ቆርቁር» የሚል የቪዲዮ ጌም ነው። ተጫዋቹ መንገድ ይዘረጋል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን መሬት ለመኖሪያ፣ ለንግድና ለኢንዱስትሪ ይከልላል፤ ውሃና መብራት ያስገባል፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይተክላል፤ ግብር ይሰበስባል። ቤቱን የሚሠራው ግን እሱ አይደለም። ቦታው ከተመቻቸው ነዋሪዎቹ ራሳቸው መጥተው ይሠራሉ፤ ካልተመቻቸው ጥለው ይሄዳሉ። አዘጋጁ በፊንላንዷ ታምፔሬ ከተማ የሚገኘው ኮሎሳል ኦርደር የተባለ አነስተኛ ድርጅት ሲሆን አሳታሚው የስዊድኑ ፓራዶክስ ኢንተራክቲቭ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2015 ወጥቶ በአንድ ወር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ለዚህ ስኬት ተቀናቃኙም የራሱ አስተዋጽኦ አለው። የዘርፉ አንጋፋ የሆነው ሲምሲቲ በ2013 በአዲስ መልክ ሲወጣ ያለ ኢንተርኔት አልከፈት ብሎ፣ አገልጋይ ኮምፒዩተሮቹም ጭነቱን መቋቋም አቅቷቸው፣ ለከተማ የሰጠውም መሬት ጠባብ ሆኖ ደጋፊዎቹን አስቀይሞ ነበር። ፊንላንዶቹ በአንጻሩ ሰፊ መሬት ሰጡ፤ ኢንተርኔትም ግዴታ አላደረጉም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከ2015 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ለዚህ ጨዋታ ከዋናው ጨዋታ ላይ የሚደረቡና ለብቻቸው የሚሸጡ ከአሥር የሚበልጡ ማስፋፊያዎች ወጥተዋል። አፍተር ዳርክ፣ ስኖውፎል፣ ናቹራል ዲዛስተርስ፣ ማስ ትራንዚት፣ ግሪን ሲቲስ፣ ፓርክላይፍ፣ ኢንዱስትሪስ፣ ካምፐስ፣ ሰንሴት ሃርበር፣ ኤርፖርትስ እያለ ዝርዝሩ ይቀጥላል። ሁሉንም በመደበኛ ዋጋ የሚገዛ ሰው ዋናውን ጨዋታ ከገዛበት ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ስለዚህ ጀማሪው አንዱን መርጦ መጀመር አለበት። «የወደድከውን ግዛ» የሚለው የተለመደ ምክር ደግሞ ብዙም አይረዳውም፤ ገና ያልተጫወተውን ነገር መውደድ አለመውደዱን በምን ያውቃል? የሽያጭ ማስታወቂያው የሚነግረው ማስፋፊያው ምን እንደሚጨምር እንጂ ከተማው ውስጥ ምን እንደሚለውጥ አይደለም። አንዳንዱ ማስፋፊያ በከተማው አንድ ጥግ የሚቀመጥ ነገር ይጨምራል፤ ሌላው በእያንዳንዱ ሰፈር የሚወሰነውን ውሳኔ ይለውጣል። የመጀመሪያው ግዢ ከሁለተኛው ዓይነት መሆን አለበት። በዚህ መለኪያ ተመዝነው ሲታዩ በ2017 የወጣው ማስ ትራንዚት ሌሎቹን ይቀድማል የሚል አቋም አለኝ፤ ምክንያቱ ግን ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው አይደለም።

ይህን ለመረዳት ጨዋታው ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ኮሎሳል ኦርደር ከስካይላይንስ በፊት የሠራቸው ሁለቱ የሲቲስ ኢን ሞሽን ጨዋታዎች ስለ ከተማ ትራንስፖርት ብቻ ነበሩ፤ ያ ውርስ በአዲሱ ጨዋታ ሥር ሰድዷል። እዚህ ከተማ ውስጥ አብዛኛው አገልግሎት በመንገድ ይሄዳል። ቆሻሻ የሚነሳው በመኪና ነው፤ እሳት የሚጠፋው መኪናው ሲደርስ ነው፤ ሱቅ ዕቃ የሚያገኘው የጭነት መኪናው መንገድ ካገኘ ነው፤ አስከሬን እንኳ ከቤት የሚወጣው በቀብር መኪና ነው። ጀማሪዎችን የሚያስደነግጠው የሞት ማዕበል ከዚሁ ይመነጫል። ተጫዋቹ ሰፊ የመኖሪያ ሰፈር በአንድ ጊዜ ከከፈተ የሚገቡት ሰዎች ዕድሜ ተቀራራቢ ይሆንና ከዓመታት በኋላ በአንድ ሰሞን ያልቃሉ። የቀብር መኪኖቹ መንገድ ላይ ከተያዙ አስከሬኑ ቤት ውስጥ ይቆያል፤ ሕንፃው ባዶውን ይቀራል። ተጫዋቹ መቃብር የጎደለ መስሎት ሌላ መቃብር ይጨምራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው መቃብር ሳይሆን የሚያስኬድ መንገድ ነው።

መኪኖቹ መንገድ የሚመርጡበት ዘዴም ነገሩን ያባብሰዋል። አሽከርካሪው መስመሩን የሚያወጣው ርቀቱንና የመንገዱን የፍጥነት ወሰን አይቶ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ወረፋ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አጭሩ መንገድ ቢዘጋም ሁሉም ወደዚያው ይጎርፋል፤ ስድስት ሌይን ባለው ጎዳና ላይ እንኳ ሁሉም በአንዱ ሌይን ተሰልፎ አምስቱ ባዶ ይሆናሉ። መንገዱን ማስፋት መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ጨዋታው በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው 16,384 ተሽከርካሪ ብቻ ነው። ትልቅ ከተማ እዚህ ጣሪያ ላይ ሲደርስ አዲስ መኪና ከቤት አይወጣም፤ ከማይወጡት መካከል የእሳት አደጋና የቆሻሻ መኪኖችም ሊኖሩ ይችላሉ። እንግዲህ ከመንገድ ላይ መኪና የሚቀንስ ማንኛውም ነገር የሚጠቅመው ለአንድ ሰፈር ብቻ አይደለም።

ማስ ትራንዚት በማስታወቂያው የሚያሳየው ጀልባ፣ ሞኖሬል፣ የኬብል መኪናና በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን ብሊምፕ ነው። እውነቱን ለመናገር ከአራቱ ግማሾቹ ከጥቅማቸው ይልቅ ውበታቸው ይበልጣል። ብሊምፑ የሚይዘው 35 ሰው ነው፤ አንድ ተራ አውቶቡስ ከሚይዘው 30 በጥቂቱ ቢበልጥ ነው። ጀልባ ውሃ ይፈልጋል፤ የኬብል መኪናም በተለይ የሚጠቅመው ተዳፋት ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ ለቆረቆረ ሰው ብዙም አይሠሩም። ሞኖሬል 180 ሰው ይጭናል፤ በዋናው ጨዋታ ያለው ሜትሮም የሚጭነው ይህንኑ ነው። በዚህ ብቻ ቢመዘን ግዢው አይመከርም ነበር።

የማስፋፊያው ትልቁ ፋይዳ ያለው ሁለት ብዙም ባልተወራላቸው ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው የመለዋወጫ ጣቢያዎቹ ናቸው። ባቡር፣ ሜትሮና ሞኖሬል፣ አለዚያም ጀልባና አውቶቡስ፣ በአንድ ሕንፃ ሥር ይገናኛሉ። የጨዋታው ሰዎች ከአንድ መጓጓዣ ወርደው ወደ ሌላው በእግር ለመሻገር አይሰንፉም፤ መሻገሪያው ሲያጥር ደግሞ መኪናቸውን የሚተዉት ይበዛሉ። በዋናው ጨዋታ ሜትሮው ለብቻው፣ ባቡሩ ለብቻው የሚሄድ መስመር ነው፤ ጣቢያዎቹ ሲመጡ መስመሮቹ መረብ ይሆናሉ። አውቶቡስ ለብቻው ስንት ሰው ያነሳል ብሎ መጠየቅ ይቀርና አውቶቡሱ 240 ሰው የሚጭነውን ባቡር ስንት ሰፈር ድረስ ያዳርሳል የሚለው ጥያቄ ይተካል።

ሁለተኛው መንገዶቹ ናቸው። ዋናው ጨዋታ የሚሰጠው ፈጣን መንገድ ባለ ሦስት ሌይን ሲሆን ከእሱ ሌላ ያለው ባለ አንድ ሌይን መውጫ ነው። ማስ ትራንዚት ባለ ሁለትና ባለ አራት ሌይን ፈጣን መንገዶችን፣ እንዲሁም በአንድ አቅጣጫ ሰፍተው በሌላው የሚጠቡ ጎዳናዎችን ይጨምራል። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን የፈጣን መንገድ መጋጠሚያ ሒሳብ ነው። ከሦስት ሌይን አንዱ ወደ ከተማ ሲወጣ የሚቀረው ሁለት ነው። መንገዱ ከመውጫው በኋላም ሦስት ሆኖ ከቀጠለ መኪኖቹ እንደገና ሌይን እየለወጡ ይጠላለፋሉ፤ ወረፋው የሚጀምረውም እዚያ ነው። ባለ ሁለት ሌይኑ መንገድ ሲኖር መውጫውን በልኩ መቁረጥ፣ ባለ አራቱ ሲኖር ደግሞ የሚገባውን መኪና ሌላውን ሳያስቆሙ መቀበል ይቻላል። ይህን የተረዳ ተጫዋች የጭነት መኪና የሚርመሰመስበትን መጋጠሚያ ያለ አንድ የትራፊክ መብራት ሊያስተካክለው ይችላል።

የቅርብ ተወዳዳሪው አፍተር ዳርክ ነው። የመጀመሪያው ማስፋፊያ እሱ ሲሆን የወጣው በሴፕቴምበር 2015 ነው። ስሙ ሌሊትን ይሸጣል፤ ሌሊቱ ግን ከማስፋፊያው ጋር በወጣው ነፃ ማሻሻያ ለሁሉም ተሰጥቷል። ይህ ልማድ ለገዢ ማስጠንቀቂያ ሊሆነው ይገባል፦ ከእያንዳንዱ ማስፋፊያ ጋር ነፃ ማሻሻያ ስለሚወጣ በስሙ የተማረኩበት ነገር አስቀድሞ በእጅዎ ሊሆን ይችላል። አፍተር ዳርክ በገንዘብ የሚሰጠው የአውቶቡስ ሌይን፣ የብስክሌት መንገድ፣ ታክሲ፣ የቱሪዝምና የመዝናኛ ሰፈሮች፣ እስር ቤት፣ እንዲሁም ወደብን ከጭነት ባቡር ጋር ያጣመረ ማዕከል ነው። የብስክሌት መንገዱ በተለይ አይናቅም፤ ነዋሪው መንገዱን ካገኘ ያለ ጣቢያና ያለ ሾፌር ደመወዝ በራሱ ይሄዳል። አፍተር ዳርክንና ማስ ትራንዚትን በአንድ ላይ በቅናሽ ያገኘ ሰው ሁለቱንም ቢይዝ አይቆጨውም። የ2016ቱ ስኖውፎል 90 ሰው የሚጭነውን ትራም ይዞ ቢመጣም በረዶው የሚወርደው ለእሱ በተዘጋጁ የክረምት ካርታዎች ላይ ብቻ ነው። ለትራም ሲሉ የሚገዙት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ለአንድ ተሽከርካሪ ሲባል ሙሉ ዋጋ እንዲከፈል አልመክርም።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ኢንዱስትሪስን ከሚያስቀድሙት ነው። በ2018 የወጣው ይህ ማስፋፊያ በዋናው ጨዋታ ላይ ተጫዋቹ ብዙም የማይቆጣጠረውን ፋብሪካ ወደ ሰንሰለት ለውጦታል። እርሻ፣ ደን፣ ማዕድንና ነዳጅ እያንዳንዳቸው ጥሬ ዕቃ ያመርታሉ፤ ጥሬ ዕቃው ማቀነባበሪያ ይገባል፤ የተቀነባበረው በመጋዘን ተከማችቶ ለልዩ ፋብሪካዎች ይደርሳል። ከማስፋፊያዎቹ ሁሉ ጥልቁና ብዙ ሰዓት የሚያጫውተው ይህ ነው ቢባል አልከራከርም። ሙግቴ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የሰንሰለቱ እያንዳንዱ ቀለበት አንድ የጭነት መኪና ጉዞ ነው፤ ከእርሻ ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ሱቅ። መጋጠሚያ መሥራት ያልለመደ ጀማሪ ይህን ሁሉ መኪና በአንድ ጊዜ ሲለቅበት ፋብሪካው ዕቃ አጥቶ ይቆማል፤ ተጫዋቹም ጥፋቱን ከመንገዱ ሳይሆን ከፋብሪካው ይፈልጋል። ኢንዱስትሪስ ሁለተኛ ሆኖ ሲመጣ ግን የተዘረጋውን መረብ የሚፈትን ግሩም ጭነት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከሞድ ተጠቃሚዎች ይነሳል። ስቲም በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች መሸጫ መድረክ ላይ ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው በነፃ የሚያጋሯቸው ሞዶች አሉ፤ በእነሱ መኪና የትኛውን ሌይን ይዞ ወዴት እንደሚታጠፍ መወሰን፣ መንገድን በፈለጉት ልክ ማስተካከል ይቻላል። «ይህ በነፃ እያለ ለምን እንከፍላለን?» ይላሉ፤ በመንገዶቹ ረገድ ያቀረብኩትንም ክርክር በከፊል ያዳክሙታል። ሆኖም በፕሌይስቴሽንና በኤክስቦክስ የሚጫወቱት የጨዋታውን አሠራር የሚለውጡ ሞዶችን አያገኙም። ኮምፒዩተር ላይም ቢሆን ዋናው ጨዋታ በታደሰ ቁጥር ሞዶቹ ይሰናከሉና ሠሪያቸው እስኪጠግናቸው ከተማው አልከፈት ሊል ይችላል። ሞድ የለመደ፣ ቢበላሽም የማይደነግጥ ሰው ወደ ኢንዱስትሪስ ቶሎ ቢሻገር ምክንያታዊ ነው።

በኦክቶበር 2023 ሁለተኛው ስካይላይንስ ስለወጣ ለአሮጌው ማስፋፊያ መግዛት ከንቱ ነው የሚሉም አሉ። ሁለተኛው ጠንካራ ኮምፒዩተር ስለሚጠይቅ፣ ሲወጣም በብዙ ማሽኖች ላይ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረ፣ የመጀመሪያው ተጫዋቾቹን ይዞ ቆይቷል። ክርክሩ እንዲያውም ለእኔ አቋም ማስረጃ ያቀብላል። አዘጋጆቹ በሁለተኛው ጨዋታ ትራምንና ታክሲን ከመጀመሪያው ቀን በዋናው ጨዋታ ውስጥ አካተዋል፤ ነዋሪው መንገድ ሲመርጥም ጊዜን፣ ወጪንና ምቾትን እንዲያመዛዝን አድርገዋል። ትራንስፖርት ለከተማው ጌጥ ሳይሆን አጥንት መሆኑን እነሱም አምነዋል ማለት ነው።

ምክሬ የማይመለከተው አንድ ዓይነት ተጫዋች አለ። ገደብ የለሽ ገንዘብ የሚሰጠውን አማራጭ አብርቶ፣ ስለ ወረፋ ሳይጨነቅ የሚያምር ሰፈር ማቀናበር የሚወድ ሰው ፓርክላይፍን ቢያስቀድም ይሻለዋል፤ መናፈሻን፣ መካነ አራዊትንና የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታን ወሰኑን ራሱ እየከለለ መሥራት የሚችለው በእሱ ነው። የቀረው ሰው ግን ዋናውን ጨዋታ በገዛበት ቀን ማስፋፊያ መደረብ አያስፈልገውም። አዲስ ማስፋፊያ ቀድሞ በተቀመጠ ከተማ ላይም ይሠራል፤ ስለዚህ በዋናው ጨዋታ ጀምሮ፣ የፈጣን መንገዱ መውጫ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ካርታው ጠርዝ ሲሰለፍ፣ የቅናሽ ሰሞን ጠብቆ ማስ ትራንዚትን መግዛትና እዚያው ከተማ ላይ፣ እዚያው መውጫ ላይ መሞከር ይችላል።