የዘር ድንቹና የኪሱ ብር

አንድ ሰው «ጎጆ ወጣ» ሲባል ከወላጆቹ ቤት ተለይቶ የራሱን ኑሮ ጀመረ ማለት ነው። በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ራሷ ጎጆ የምትባል ከተማ አለች። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ከሚወስደው አስፋልት በስተሰሜን ያለች የጄልዱ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ አገሩ ደጋ ነው። እዚያ ተመድቦ የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ወጣት መምህር አስቡ። ኪራዩን ከፍሎ፣ አስቤዛውን ሸምቶ፣ የተረፈችውን ብር እያየ ይጠይቃል፦ ከዚህ ውስጥ የእኔ የምለው ስንቱ ነው? ለማንም ሒሳብ የማላቀርብበት፣ ቡና የምጠጣበት፣ ጸጉሬን የምስተካከልበት፣ ቅዳሜ ኳስ የማይበት ብር ስንት ይሁን?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሲከፍቱት ግን ውስጡ ግብር አለ፣ የዘመን አቆጣጠር አለ፣ ወዳጅነት አለ፣ ድንችም አለ። ከድንቹ ልጀምርላችሁ።

ጄልዱ በዘር ድንች የታወቀ ወረዳ ነው። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን እንደ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎች ገበሬዎቹ አባዝተው ለሌላ አካባቢ ገበሬ ይሸጣሉ። ለዘር የታሰበው ድንች ከሚበላው ጋር አይቀመጥም። የራሱ ማከማቻ አለው፤ ግድግዳው ነፋስና ብርሃን እንዲያሳልፍ ሳሳ ተደርጎ በእንጨት የተሠራ፣ ውስጡ መደርደሪያ ያለው። ፀሐይ በቀጥታ አያገኘውም፣ ብርሃኑ ግን ይደርሰዋል። ጨለማ ውስጥ የከረመ ድንች ቡቃያው እንደ ክር ቀጥኖ ይረዝማል፤ ብርሃን ያገኘው ግን አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል።

አሁን እኔን ያስደነቀኝ ነገር መጣ። ብርሃን ያገኘ ድንች ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ ድንች ደግሞ ይመራል፣ ሶላኒን የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ለምግብ አይሆንም። ለዘር እንዲጠነክር ያደረገው ያው ብርሃን ከአፍም ይጠብቀዋል ማለት ነው! ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲጎድል እንኳ እጅ ወደዚያ መደርደሪያ አይዘረጋም። ገበሬው «ልብላው ወይስ ልተወው» እያለ በየማታው ከራሱ ጋር አይሟገትም። አንዴ ወስኖ ለይቶታል፣ አለቀ።

የኪስ ብር ስንት ይሁን የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘውም ዘሩ ከተለየ በኋላ ነው። ለደመወዝተኛው የዘር መደርደሪያው እቁብ ነው። እቁብ ወለድ የለውም። ግን በወለድ በኩል ባንኩም ቢሆን ብዙ አላዳነንም፤ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ያስቀመጠው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። የእቁብ ጥቅሙ ሌላ ነው። ዕጣው እስኪወጣ ብሩ አይነካም፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ መቅረት ያሳፍራል። ብሩ አረንጓዴ ሆነ ማለት ነው።

ለመለየት የግድ ቁልፍ እንኳ አያስፈልግም። ፓስካሊን ዱፓስና ጆናታን ሮቢንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኬንያ የእኛን እቁብ ለሚመስል ማኅበር አባላት ቁልፍ ያለው ቀላል ሣጥን ሰጡ፤ «ይህ ለጤና ነው» ተባለ፣ ቁልፉም በባለቤቱ እጅ ሆነ። በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እነዚህ ሰዎች በሽታ ለመከላከል ያወጡት ገንዘብ ከሌሎቹ ከ60 በመቶ በላይ በልጦ ተገኘ። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ የሆነባቸው ግን በዚህ ረገድ ይህን ያህል አልተጠቀሙም። ሣጥኑን የጠበቀው ስሙ ነበር። ስም የወጣለት ብር «ለዚህ ነው የተቀመጠ» ብሎ ጠያቂን ለመመለስም ያመቻል። ቴሌብር ላይ ያለው የቁጠባ አገልግሎት «ሳንዱቅ» መባሉ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። እዚያው ያለው «እንደኪሴ» ግን ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላ ብድር ነው፤ ስሙ ኪስ ቢልም የሚመለስ ብር ስለሆነ ከኪስ ገንዘብ አትቁጠሩት።

እሺ፣ ወደ ቁጥር። የመምህሩ ደመወዝ ለምሳሌ 9,000 ብር ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ኪሱን የሚለካው በ9,000 ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ካለው 3,000 ላይ 20 በመቶ፣ ከመጨረሻው 2,000 ላይ 25 በመቶ ይቆረጣል። 300፣ 600 እና 500፤ በድምሩ 1,400። የጡረታው 7 በመቶ 630 ነው። እጁ የሚገባው 6,970 ብር ብቻ!

ከዚህ ላይ ኪራይ 1,800፣ አስቤዛ 2,600፣ እቁብ 800፣ ለወላጅ 500፣ ስልክና መብራት 250፣ እድር 70 እንበል። የቀረው 950 ነው። ይህ ሁሉ ኪስ ነው? አይደለም። ለቅሶ ይመጣል፣ ሰርግ ይመጣል፣ ልጅ የወለደች ጎረቤት ትጠየቃለች። ለእነዚህ 350 ብናስቀምጥ 600 ይቀራል። (ጸጉር መስተካከልን እኔ ከአስቤዛው ጋር ነው የምቆጥረው፤ ተማሪ ፊት የሚቆም ሰው ጸጉሩ የሥራ ዕቃው ነው።)

ከገቢህ 50 በመቶውን ለግዴታ፣ 30 በመቶውን ለፍላጎት፣ 20 በመቶውን ለቁጠባ የሚለውን ቀመር ሰምታችሁ ይሆናል። ኤልዛቤት ዋረን ከልጇ ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. በጻፈችው መጽሐፍ የታወቀ የአሜሪካ ቀመር ነው። የእኛ መምህር 30 በመቶ ለራሱ ቢያደርግ ከ2,000 ብር በላይ ነው፤ ከኪራዩ ይበልጣል። ጀርመናዊው ኤርንስት ኤንግል በ1857 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነገር ይህን ያብራራል፦ ገቢ ባነሰ ቁጥር ምግብ የሚወስደው ድርሻ ይበዛል። በአገራችን የዋጋ ንረት ሲሰላ ለምግብ የተሰጠው ክብደት ራሱ ከግማሽ በላይ ነው። ስለዚህ ድርሻውን ከሰው አገር አንቀዳም፤ ከራሳችን ከባድ ወር እንጀምራለን።

ከባዱ ወር ደግሞ መስከረም ነው፣ አይደል? የነሐሴ ደመወዝ ወጥቶ የመስከረም እስኪደርስ ጳጉሜን መሐል ትገባለች፤ 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6። ለእሷ ደመወዝ የለም። በዚሁ መሐል እንቁጣጣሽ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ መስቀል አለ። 35 ቀን ማለት አምስት ሳምንት ነው። ስለዚህ 600ውን ለአራት ሳምንት ሳይሆን ለአምስት አካፍሉት፤ በሳምንት 120 ብር። መስከረምን የተሻገረ ቁጥር ሌላውን ወር ሁሉ ይሻገራል። በሠላሳ ቀኑ ወር 86 ብር ገደማ ትተርፋለች፤ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ ሳትነካ ብትጠራቀም ከ900 ብር ትበልጣለች፣ ለሚቀጥለው መስከረም መግቢያ። ቁጥሩን ደልደል ባለ ወር፣ ለምሳሌ ሁዳዴ ገብቶ የሥጋ ወጪ በቀረበት ጊዜ የወሰነ ሰው ግን ፋሲካ ላይ ይይዘዋል።

ለምን በሳምንት ሆነ? በቀንስ ለምን አይሆንም? 120ን ለሰባት ብናካፍለው 17 ብር ነው። ግን አምቦም ሆነ ጎጆ ውስጥ ሰው ብቻውን የራሱን ስኒ ከፍሎ አይነሳም። ሦስት ጓደኛሞች ቡና ከጠጡ አንዱ ይከፍላል፣ ያውም «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ተባብሎ። ስኒው 20 ብር ቢሆን ተራው የደረሰው 60 ብር ያወጣል፣ ሁለቱ ምንም። በቀን 17 ብር የያዘ ሰው ተራው የደረሰ ቀን ይሸሻል፤ በሳምንት 120 የያዘ ግን ሁለት ተራ ይችላል። ሦስቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ከከፈሉ ስድስት ቀን ቡና ጠጡ! ቅዳሜ ኳስ ያማረው ከአንዱ ተራ ላይ ይቆርጣል፤ ምርጫው የራሱ ነው፣ የኪስ ብር ትርጉሙም ይኸው ነው።

«ይህን ያህል ከከበደ ኪሱን ዜሮ አድርጎ ሁሉንም መቆጠብ አይሻልም?» የሚል ወዳጅ አለኝ። አይሻልም። አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ የተልባ እግር ሸሚዝ ለኑሮ የግድ ባይሆንም በእሱ ዘመን የቀን ሠራተኛ እንኳ ያለ እሱ ሰው ፊት መውጣት ያፍር ስለነበር ከግድ ነገሮች ጋር ይቆጠራል ብሏል። የእኛ ሸሚዝ የቡናው ተራ ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ወዳጆቹን መሸሽ ይጀምራል፤ ስብሰባ አለብኝ ይላል፣ በሌላ መንገድ ይዞራል። ደግሞ ዜሮ ብሎ የወሰነ ሰው ውሳኔውን አይጠብቅም። ከአስቤዛው ትንሽ፣ ከውሎ አበሉ ትንሽ እያለ ይወስዳል፤ ስም ያልወጣለት ብር ስንት እንደወጣ ደግሞ አይታወቅም። ትንሽም ብትሆን የታወቀች ትሻላለች።

ለዘር ድንች ገበሬው ቀመሩ ይገለበጣል። የእሱ ብር በየወሩ አይመጣም፤ ድንቹ ሲሸጥ በጥቅል ይመጣል፣ ከዚያ ወራት ዝም ይላል። የእሱ መስከረም ክረምቱ ነው። እጁ ሙሉ በሆነበት ሳምንት የማዳበሪያውን ይለይ፤ በኬንያ ተመራማሪዋ ኤስቴር ዱፍሎና ባልደረቦቿ ማዳበሪያውን ለገበሬዎች ምርት በተሸጠበት ሰሞን ሲያቀርቡላቸው የሚገዛው ሰው በዝቶ አግኝተዋል፣ የዘር ወቅት ሲደርስ ግን ብሩ ሄዷል። ከማዳበሪያው የተረፈውን እስከሚቀጥለው ሽያጭ ባሉት ወራት ቁጥር ያካፍልና ለራሱ ደመወዝ ይክፈል። ከዚያ ወዲያ የኪሱ ሒሳብ እንደ መምህሩ ነው።

ጎጆ የወጡት ሁለት ሲሆኑስ? በጃፓን በብዙ ቤት ባል ደመወዙን ለሚስቱ አስረክቦ የወር የኪስ ገንዘቡን ከእሷ ይቀበላል፤ ለዚህች ብር የራሷ ስም አላት፣ ኮዙካይ ይሏታል። በእኛ ገጠር ደግሞ የእንቁላሉና የቅቤው ብር የሚስት ነው ይባላል። ሶሺዮሎጂስቷ ቪቪያና ዘሊዘር በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የአሜሪካ ገበሬ ሚስቶችም ልክ እንዲሁ የእንቁላልና የቅቤ ገንዘብ እንደነበራቸው ሳነብ ተገርሜያለሁ፤ ያን ያህል ባሕር ተሻግሮ ያው እንቁላል!

ግን ያን ብር እስኪ ተከተሉት። ሴትየዋ እንቁላሏን ሸጣ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏ ውስጥ ያለው ጨው ነው፣ የቤቱ ቡና ነው፣ የልጅ ደብተር ነው። ስሙ የእሷ ሆኖ ወጪው የቤቱ ነው። የባልየው ኪስ ግን ጠጅ ቤት ወይም ኳስ ቤት ደርሶ ይመለሳል። ለዚህ ነው ባልና ሚስት ቁጥሩን አብረው ተቀምጠው፣ ለሁለቱም እኩል አድርገው መወሰን አለባቸው የምለው፤ አንዱ ደመወዝ ቢኖረው፣ ሌላው ባይኖረውም። 120 ከሆነ ለእሱም 120፣ ለእሷም 120። ከአንድ ወር በኋላ የእሷ 120 ጨውና ደብተር ሆኖ ከተገኘ አስቤዛው ላይ የተጻፈው ቁጥር አንሷል ማለት ነውና እንደገና ተቀመጡ።